በልክ የተሠራ ቤት

ልብስ ሰፊዋ ደግ ሴት አልነበረችም። ይህን ቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ኋላ ለአንድ ጥንቸል ስትንሰፈሰፍ ያየ ሰው፣ ድሮም አንጀቷ ስስ የነበረ መስሎት እንዳይታለል። ከእሷ የተሻለ ቀሚስ የሚቆርጥ በአካባቢው እንደሌለ የሚጠሏት ሰዎችም ያምናሉ፤ ግን ሊለኩ ገብተው ሳይሰደቡ የወጡ ደንበኞች ጥቂት ናቸው። ልብስ ከገላ መራቅ ያለበት ሁለት ጣት ብቻ ነው ባይ ነች። ከዚያ ከሰፋ ጆንያ ነው፣ ከዚያ ከጠበበ ፋሻ ነው። አንዷ ሴት የሰፋሽልኝ ቀሚስ ጠበበኝ ብላ ከተመለሰች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ ከላይ እስከ ታች ታያትና፣ "ቀሚሱ ባለበት ነው ያለው። የሰፋሽው አንቺ ነሽ" ትላታለች። ሴትየዋ ተሳድባ ትወጣለች፤ ለሚቀጥለው ሰርግ ግን ተመልሳ ትመጣለች፤ ምን ታድርግ።

አንድ ጊዜ ባል አግብታ ነበር። የግድግዳ ቀለም ቀቢ፣ ሳቂታ፣ እግረ ረጅም ሰው ነበር። አብረው ጥቂት ከኖሩ በኋላ ሻንጣውን አንስቶ፣ "እዚህ ቤት ውስጥ እጄን በዘረጋሁ ቁጥር የሆነ ነገር ይነካኛል" አላት። እሷም ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ "ለምን ትዘረጋለህ ታዲያ?" አለችው። ትዳሩ በዚሁ አበቃ።

የምትኖረውም የምትሠራውም በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ አልጋው ከመጋረጃ ጀርባ፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ቁርጥራጭ ጨርቅና የወዳደቀ ስፒል። ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ ታናሽ እህቷ ትኖራለች። እህትየው አውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ሻጭ ነች፤ ቀኑን ሙሉ ከመስታወት ጀርባ በማይክሮፎን ስትጮህ ስለምትውል፣ ቤቷም ገብታ ድምጿ አይወርድም። በሁለቱ ክፍሎች መካከል የእናታቸው ሳሎን አለ። ሰፊ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ወለሉ ሳንቃ ነው፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ወራት እንኳ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

የሁለቱ ጓጉንቸር ነገር እንዲህ ነው። እናትየው በዚያ ሳሎን ታማ እዚያው ሞተች። ያስታመመቻት ልብስ ሰፊዋ ነበረች፤ ስለዚህ ክፍሉ ለእኔ ይገባል አለች። እህትየው ደግሞ በምን ሒሳብ አለች። ለቀስተኛው እንደተበተነ ልብስ ሰፊዋ ጓጉንቸር ገዝታ በሩን ቆለፈች። እህትየው ከሥራ ስትመለስ ይህን አየች፤ ዞራ ወጣችና ተለቅ ያለ ጓጉንቸር ይዛ መጥታ ከላይ ደረበችበት። አጎታቸው ሊያስታርቃቸው ስንት ጊዜ ተመላለሰ። በመጨረሻ፣ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እናንተ ከሁለቱም ትብሳላችሁ" ብሎ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ወደዚያ ግቢ ዝር አላለም። ዓመታት አለፉ። አንዷ ያለ ሌላዋ ሳሎኑን መክፈት አትችልም፤ አብረው ደግሞ ከሚከፍቱት ቢቃጠል ይመርጣሉ።

በቀጥታም አይነጋገሩም። መነገር ያለበት ነገር ሲኖር ለአየር ይነገራል። እህትየው ግቢው መሃል ቆማ፣ "ቧንቧ ከፍቶ የሚሄድ ሰው ውሃው የአባቱ ይመስለዋል" ትላለች። ልብስ ሰፊዋም ከመስኮቷ ሥር ለስፌት መኪናዋ፣ "አንዳንዱ ሰው አፉን እዚያው መናኸሪያው ትቶ ቢመጣ ምን ነበረበት" ትላለች። ድሮ ታናሽየዋ እትዬ ነበር የምትላት። አሁን ስለ እሷ ለሌላ ሰው ስታወራ "እዚያ ያለችው" ነው የምትላት፤ በአገጯም ትጠቁማለች።

ጥንቸሉ የመጣው እንግዲህ እንዲህ ወዳለው ግቢ ነው።

ያመጣው በየሰርጉና በየልደቱ እየዞረ ሰው የሚያስደንቅ አንድ አስማተኛ ነው። ኮቱን የሰፋችለት ልብስ ሰፊዋ ነበረች፤ ገበሩ ውስጥ ሰው የማያየው ኪስ አለ፣ ጥንቸሉ የሚወጣው ከዚያ ነው። ይህን ምስጢር ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ምስጢር ስለምትጠብቅ ሳይሆን የምታወራው ሰው ስለሌላት ነው። አንድ ጠዋት አስማተኛው ኮቱን በአንድ ክንዱ፣ ጥንቸሉን በሌላው ክንዱ ይዞ ገባ።

"ጌታው ወፈረብኝ" አላት። ጥንቸሉን ጌታው ነበር የሚለው። "ትናንት መሃል ትርኢት ላይ ኪሱ ተቀደደ። ሕፃናቱ ሳቁብኝ። ኪሱን አስፊልኝ።"

ጥንቸሉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችው። ግራጫ፣ ጆሮ ረጅም፣ ዓይኑን እንደ ቁልፍ ያፈጠጠ ፍጡር ነበር። ሜትሯን በደረቱ ዙሪያ ጠመጠመች። አልተንቀሳቀሰም። ሆዱን ሳብ አላደረገም፣ "አጥብቀሽው ነው እንጂ እንዲህ አልወፍርም" አላላትም፣ ያለፈው ዓመት ልኬ ይኸውልሽ ብሎ አልተከራከራትም። ልቡ ብቻ ከሜትሩ ሥር ድው ድው ይላል። በሥራ ዘመኗ ሁሉ አፉን ዘግቶ የተለካላት ፍጡር ይኼ ብቻ ነው። ልቧ ውስጥ የሆነ ነገር ላላ አለ፤ እሷ ግን ፊቷን አጠቆረች።

"ይሄ ኪስ ከዚህ በላይ ከሰፋ የምትለብሰው ኮት ሳይሆን ድንኳን ነው" አለችው።

"እንግዲያው እርግብ ልግዛ። እርግብ አይወፍርም።" አስማተኛው ጥንቸሉን አየ፣ በሩን አየ። "አንድ ጊዜ ሲጋራ ገዝቼ ልምጣ" አለና ወጣ። በዚያው ቀረ። በዕድሜው ከሠራቸው ትርኢቶች ሁሉ ያማረው ይኼ ነው።

ልብስ ሰፊዋ እስኪመሽ ድረስ ስትረግመው ዋለች። በነጋታው ግን የጥንቸሉን ልክ በጠመኔ ሰሌዳዋ ላይ ጽፋ ወደ አናጢው ሄደች። ርዝመት፣ ወርድ፣ ቁመት፤ በየጎኑ ሁለት ጣት።

አናጢው ቁጥሩን አየና፣ "ለጫማ ነው?" አላት።

"ለጥንቸል ነው።"

"ቢያድግስ?"

"አድጎ ጨርሷል። የታዘዝከውን ሥራ።"

ሣጥኑ ሲያልቅ የሚያምር ነገር ነበር፤ የእግዜርን ሐቅ መደበቅ አይገባም። ማዕዘኑ ሁሉ የተስተካከለ፣ በሩ ሳይንቋቋ የሚገጥም። ወለሉን የሽቦ ወንፊት አስደረገችው፣ ቆሻሻው ወደ ታች እንዲወርድ። ግድግዳውን ደግሞ ከደንበኛ በተረፈ ሰማያዊ ከፋይ ጨርቅ ለበጠችው። ጥንቸሉ ሲገባበት ልክክ አለ። እንዲህ ያለ ልክ አይታ አታውቅም። ከፋዩን በዚያው ዕለት ቢበላባትም አልተቆጣችም።

እህትየው ማታ ከሥራ ስትገባ ሣጥኑን በመስኮት አየችውና ግቢው መሃል ቆመች። "ዘንድሮ ደግሞ" አለች ለአየር፣ በዚያ የመናኸሪያ ድምጿ፣ "ላልሞተ ሰው ሬሳ ሣጥን ማሠራት ተጀምሯል።"

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን በኃይል ረገጠችው፤ ስፌቱ ተንሻፈፈባት።

ጌታው በሣጥኑ ውስጥ ሰነበተ። መጀመሪያ ጸጥ አለ፤ ጸጥታውን ጨዋነት ነው ብላ ወሰደችው። ከዚያ መብላት ቀነሰ። በሩን ስትከፍትለት እንኳ አይወጣም፤ ጀርባውን አጉብጦ ጥርሱን ያፋጫል። አንድ ቀን አንስታ ስታቅፈው የኋላ እግሮቹ መዳፍ ተመልጦ ቀልቶ አየችው፤ ሽቦው ፀጉሩን ጨርሶ ሥጋው ላይ ደርሷል። በዘንቢል ከታ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ሮጠች። ሮጠች ነው የምላችሁ፤ ያቺ ደንበኛ ደጅ ስታስጠና የምትውል ሴት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባለች፤ ፈገግታ የምትባል ነገር የላትም። እግሩን አየች፣ ጀርባውን በጣቷ ዳሰሰች።

"የት ነው የሚኖረው?"

ልብስ ሰፊዋ በኩራት ነገረቻት። ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ሁለት ጣቱን።

"ልኩን ማን ሰጠዎት?"

"ማን ይሰጠኛል? እኔው ለክቼው ነው።"

"ተቀምጦ ነው የለኩት?"

"ታዲያ ተኝቶ ልለካው ነው?"

"አዎ" አለች ሐኪሟ። "ተኝቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ በኋላ እግሩ ቆሞ፣ ዘሎ። እርስዎ የለኩት ጥንቸሉ ፈርቶ ኩምትር ሲል ነው። የፈራ ጥንቸል ደግሞ የራሱን ግማሽ አያህልም።"

ሐኪሟ ቁስሉን ቅባት እየቀባች ቀጠለች። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የሚዘልበት ርዝመት ያስፈልገዋል፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጆሮው ጣሪያ መንካት የለበትም። የሽቦ ወለል ዛሬውኑ ይነሳ፤ ሳንቃ ይሁን፣ ከላዩ ድርቆሽ ይነጠፍበት። ሲደነግጥ የሚገባበት ጨለም ያለ ጥግ ይኑረው። ይህ ሁሉ ደግሞ ለማደሪያው ነው። ከዚያ በላይ በየቀኑ ተለቆ ለብዙ ሰዓት የሚሮጥበት ቦታ ይፈልጋል፤ ሽቦ የማይቀረጥፍበት፣ ድመት የማይደርስበት።

"ጥላ ያለው ይሁን" አለች መጨረሻ ላይ። "ይሄ እንስሳ ላብ የለውም። ሙቀቱን በጆሮው ነው የሚያስወጣው። ዘንድሮ ሙቀቱን እያዩት ነው። ጠባብ ቦታ ተቀምጦ ደግሞ አጥንቱ እየሳሳ ነው፤ እንዲህ ከቀጠለ አንድ ቀን ሲራገጥ ወገቡ ይሰበራል። ቦታ ከሌለዎት ቦታ ላለው ሰው ይስጡት።"

መንገዱን ሙሉ ሐኪሟን ስትረግም ሄደች። ስድቧን የሰማው ጥንቸሉ ብቻ ነበር። ቤቷ ስትደርስ ግን የሽቦውን ወንፊት በጉጠት ነቅላ ጣለችው። በዕድሜዋ ሙሉ ጠበበ ብሎ የነገራትን ሰው ስታምን ይህ መጀመሪያዋ ነው።

ከዚያ ቦታ ፍለጋው ተጀመረ። በመጀመሪያ የራሷን ክፍል ለቀቀችለት። ስፒሉን በማግኔት ለቅማ፣ ጨርቁን ሁሉ ወደ ላይ ሰቅላ፣ ተንበርክካ ወለሉን በእጇ ዳስሳ ለቀቀችው። ጌታው መኪናው ሥር ገባና የካውያውን ገመድ ለሁለት ቆረጠው። ካውያው አልተሰካም እንጂ ተሰክቶ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባበቃ። በማግስቱ ረጅም ክር ሲውጥ ደርሳ ከጉሮሮው ስባ አወጣችው። የልብስ ሰፊ ቤት ለጥንቸል የወጥመድ ክምር ነው፤ ሥራውን ካልተወች በቀር መፍትሔ የለውም። ሥራውን ብትተው ደግሞ ሁለቱም ጦማቸውን ያድራሉ።

ቀጥላ ግቢውን ሞከረች። ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ ዛፍ የሚባል የለበትም። ከወፍራም ሸራ አጥር ሰፍታ በእንጨት ወጠረችው፤ ቁልፍና ቁልፍ ቤት ሳይቀር አበጀችለት። መርፌ ውስጥ ክር እስክታስገባ ድረስ ጌታው ሸራውን ቀዶት ወጣ። የጎረቤት ድመት ካጥሩ ላይ ሆና ምራቋን ስትውጥ አየቻት፤ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችባት። ኋላ አናጢውን ጠርታ የጣውላ ርብራብ አሠራች፤ ከላይም ለድመቷ ብላ በርብራብ ከደነችው። ይኼኛው ያዘው። ችግሩ ፀሐይዋ ነበረች። ጠዋት ጥላው በዚህ ግድግዳ ሥር ነው፣ ከሰዓት በኋላ በዚያኛው፤ እኩለ ቀን ላይ ጭራሽ የለም። ርብራቡን እየጎተተች ጥላ ስታባርር ትውላለች፤ የተሰጣት የሰርግ ልብስ ሁሉ ይዘገያል፤ ሙሽሮች ይሰድቧታል፤ እሷም ትመልሳለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሳሎኑ እዚያው ነው። ሰፊ፣ ቀዝቃዛ፣ ባለ ሳንቃ ወለል፤ ሽቦ የለበት፣ ድመት የለበት። ሐኪሟ ያንን ክፍል አይታ የተናገረች ነው የሚመስለው። ልብስ ሰፊዋ ርብራቡን በጎተተች ቁጥር ሁለቱን ጓጉንቸሮች ታያለች፤ አይታም ፊቷን ታዞራለች።

አንድ ማታ ግን እህትየው ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

"ሳሎኑ መከፈት አለበት" አለቻት።

እህትየው ወደ ኋላዋ ዞር አለች፤ ሌላ ሰው አለ ወይ ብላ። "ለማን ነው የምታወሪው?"

"ለአንቺ።"

"እኔ ደግሞ መናገር የተውሽ መስሎኝ። ለምን ይከፈታል?"

"ለጥንቸሉ። ግቢው እየጠበሰው ነው። እዚያ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ መሮጫም አለው።"

እህትየው ሳቀች። የሳቋ ድምፅ ለሚቀጥለው ሰልፈኛ ሁሉ የሚሰማ ዓይነት ነው። "እናቴ የሞተችበትን ክፍል ለጥንቸል?"

"እናታችን።"

"ዛሬ ነው ያካፈልሽኝ?" አለች እህትየው። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። "ስሚኝ። የሚከፈት ከሆነ የሚከፈተው እንዲህ ነው። ጓጉንቸርሽን ታወርጂያለሽ። ለአንድ ቀን ሳይሆን ለሁልጊዜ። ክፍሉ የአንቺ ነው ትዪኛለሽ፣ በአፍሽ። ከዚያ ጥንቸልሽ ይግባ፤ እኔ እንስሳ አልጠላም።"

"ወይ ፍንክች" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"እንግዲያው ይጠበስ።" እህትየው ገብታ በሯን ዘጋች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥላቻው ለአየር እንኳ የማይነገር ሆነ። ሙቀቱ በረታ። ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ሲሚንቶው ባዶ እግር አያስረግጥም። ልብስ ሰፊዋ ጌታውን ውሃ ታጠጣዋለች፣ ጆሮውን በእርጥብ ጨርቅ ታብስለታለች፣ ሌሊት ከአልጋዋ ሥር ታስተኛዋለች፤ ግን ሳሎኑን አትለቅም። እናቷን ያጠበችበት፣ ያገላበጠችበት ክፍል ነው። ለዚያች ጯሂ ከሚሰጥ ይፍረስ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እሷ ደግሞ ቂም ይዛ ጥንቸል ልታሳድግ ነው።

አንድ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ከኩሽና ስትወጣ ርብራቡ ላይ እርጥብ ጆንያ ተነጥፎ አገኘች። እሷ አላነጠፈችውም። በውሃ ርሶ ይንጠባጠባል፤ ጌታው ከሥሩ ባለው ጥላ ተጋድሟል። ቀና ስትል የእህቷ መጋረጃ ተንቀሳቀሰ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እግዜር ይስጥልኝ ባይል እንኳ ዝም ይላል። ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። ማን ለምኗት ነው? ነገ ደግሞ ጥንቸሉን ያተረፍኩት እኔ ነኝ ልትል ነው? ጆንያውን በሁለት ጣቷ አንስታ፣ እያንጠባጠበ ወስዳ እህቷ ደጃፍ ላይ ጣለችው። ከዚያ አንዲት ሙሽራ በዚያው ዕለት የምትለብሰውን ቀሚስ ልታደርስላት ነበርና፣ ርብራቡን ቀጭኗ ጥላ ወዳለችበት ግድግዳ ገፋ አድርጋ፣ ቶሎ እመለሳለሁ ብላ ወጣች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሙሽራዪቱ ቤት ቀሚሱ ሲለበስ አንድ ቁልፍ ተበጠሰና እሱን ስትተክል ቆየች።

ስትመለስ ጥላዋ ሄዳለች። ጌታው በጎኑ ተዘርሯል። አፉ ተከፍቷል፣ አፍንጫው ረጥቧል፣ ጎኑ ሳያቋርጥ ይርገበገባል። አቀፈችው፤ ከእሳት የወጣ ድንጋይ አቀፈች። ጠራችው፤ ጆሮው እንኳ አልነቃም። ሮጣ ቧንቧ ከፈተች፤ ከቧንቧው የመጣው ውሃ ራሱ ትኩስ ነው። ክፍሏ ገባች፤ ክፍሏ ምድጃ ሆኗል።

ግቢው መሃል ቆመች። ሳሎኑን አየች፣ የእህቷን በር አየች። በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰበች ብዙ መፈላሰፍ አያስፈልግም። ፈራች። ይህ ነገር እጄ ላይ ይሞታል፣ የገደልኩትም እኔ ነኝ ብላ ፈራች። ከአንገቷ በክር ያንጠለጠለችውን መክፈቻ አወጣች፤ ጓጉንቸሯን ከፈተች፤ ከእጇ አምልጦ እግሯ ሥር ወደቀ።

"ውጪ" አለች ወደ እህቷ በር። "ክፍሉ የአንቺ ነው። ያንቺ ነው፣ ሰማሽ? ክፈቺው።"

እህትየው ወጣች። ጥንቸሉን አየች፣ ወለሉ ላይ የወደቀውን ጓጉንቸር አየች። የራሷን መክፈቻና አንድ ባልዲ ውሃ ከነጨርቁ ይዛ መጥታ ከፈተች፤ የዛገው በር በትከሻ ካልተገፋ እምቢ አለ፤ እሷ ገፋችው። ከውስጥ የወጣው አየር ቀዝቃዛ ነበር። የአቧራና የድሮ መድኃኒት ሽታ አለው። የእናታቸው አልጋ እንደነበረ ነው፤ አንሶላው የለም፣ ፍራሹ ብቻ። የውሃ ብርጭቆዋ ግርጌው ላይ ነጭ ቀለበት ይዞ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

እህትየው ባልዲውን ውስጥ አስቀምጣ እጆቿን ዘረጋች። "አምጪው።"

ልብስ ሰፊዋ ሰጠቻት፤ ሰጥታም ልትከተል እግሯን አነሳች። እህትየው በትከሻዋ በሩን ሞላችው።

"እሱ ይግባ" አለች። "አንቺ አይደለሽም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ክፍሉ የኔ ነው። አሁን አይደል ያልሽው?"

"ማን ያየዋል? እግሩ ቁስለኛ ነው፣ ቅባት አለው፣ ድርቆሽ—"

"ቅባቱን በመስኮት ስጪኝ።" በሩ ተዘጋ።

በሩን ደበደበችው። ተሳደበች፤ የማይነገር ስድብ ነው፣ እዚህም አይነገርም። ከውስጥ መልስ የለም፤ የሚሰማው የእህትየው እግርና ጨርቅ ሲጨመቅ የሚንጠባጠብ ውሃ ነው። መጨረሻ ላይ ዞራ ወደ ሳሎኑ መስኮት ሄደች። እህትየው መዝጊያውን ለብርሃን ከፍታዋለች፤ መስታወቱ ግን ዝግ ነው። ልብስ ሰፊዋ በእጅጌዋ አቧራውን ጠርጋ ግንባሯን አስደገፈች።

እህትየው ሳንቃው ላይ ተንበርክካ የጥንቸሉን ጆሮ በእርጥብ ጨርቅ ትዳብሳለች። ቀስ ብላ፣ ደጋግማ። ብዙ ጊዜ አለፈ። ከዚያ ጆሮው ነቃ አለ። ከዚያ ራሱን አነሳ። ተነስቶ፣ እየተንገዳገደ ሄዶ አልጋው ሥር ገባ። ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ለቀቀችው፤ መስታወቱ ጉም ለበሰባት፤ እንደገና ጠረገችው።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከአልጋው ሥር ወጣ። አንድ ዘለለ፣ ቆመ። ግድግዳ የሚጠብቅ ይመስላል። ግድግዳው ሩቅ ነው። ሁለተኛ ዘለለ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፤ ከዚያ ሳይታሰብ አየር ላይ ተጣጥፎ ዞረ፤ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ሮጠበት። መሃል ላይ ቆመና በኋላ እግሮቹ ቀጥ አለ፣ ጆሮዎቹን ወደ ላይ ሰቀለ። ልብስ ሰፊዋ ቁመቱን ያየችው ያኔ ነው። እሷ ከለካችው እጥፍ ይበልጣል። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም፤ የሚያያት ያለ አልመሰላትም።

እህትየው ግን ታያት ነበር። ወደ መስኮቱ መጥታ መስታወቱን አንድ ስንዝር ገርበብ አደረገችው።

"አንድ ጊዜ ልግባ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "አንድ ጊዜ ልንካው፣ እወጣለሁ።"

"ይደክማል" አለች እህትየው።

"ምን?"

"ሰው ሲበዛበት ይደክማል። አሁን ዕረፍት ነው የሚያስፈልገው። ነገ ትመጫለሽ፣ ነገ ደህና ሲሆን ታይዋለሽ።" የመናኸሪያው ጩኸት ከድምጿ ላይ ጠፍቷል፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። "እንዲህ አልነበር ያልሽኝ? እዚህ አሁን የቆምሽበት ቆሜ ስለምንሽ? በየቀኑ ከሥራ እየወጣሁ፣ በየቀኑ ነገ እያልሽኝ?"

"የእናታችን ሐኪም እኮ ነው ያለው። ሰው አይብዛባት ብሎ—"

"ሰው አይብዛባት አለ። ልጅሽ አትግባ አላለም።" እህትየው ወደ አልጋው አየች። "በመስታወት ነው ያየኋት። እጇን አንስታ ነበር። እየጠራችኝ ይሁን እያባረረችኝ ይሁን አላውቅም፤ አንቺ መጋረጃውን ሳብሽው።"

ልብስ ሰፊዋ መልስ ነበራት። እናታቸው በእውነት ይደክማት ነበር። የእህትየው ድምፅ በእውነት ይጮህ ነበር። እናታቸውን ለአንድ ሰዓት ለማስተኛት ግማሽ ቀን ይፈጅባት ነበር። ይህን ሁሉ ለስፌት መኪናዋ ዓመታት ሙሉ ስትነግር ኖራለች፤ አንዱም ውሸት የለበትም። አሁን ግን አንዱም ከአፏ አልወጣም።

"ድርቆሹ ለነገ ያስፈልገዋል" አለች እህትየው። "ጠዋት አምጪ።" መስታወቱን ዘጋች፤ መጋረጃውንም ሳበችው።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን ሳትጀምር በማለዳ ወጥታ ድርቆሽ ገዛች። ተሸክማው መጥታ የሳሎኑ መስኮት ሥር ቆመች። እህቷ እዚያው አድራ መንቃቷን፣ እግሯ ሳንቃው ላይ ሲሄድ ሰምታ አውቃለች፤ የጌታውም ዝላይ ከኋላው ይሰማል። መጋረጃው አልተከፈተም። አላንኳኳችም። ድርቆሹን አቅፋ፣ ፀሐይዋ ጀርባዋ ላይ እስክትደርስ ድረስ ቆመች።